ምሰሶ ቁጥር 417

ነገሩ የተጀመረው ቴሌቪዥን ሲቀጥን ነው።
ያ ሆዳሙ፣ ያ ጀርባው የጎበጠው፣
ነጭ ዳንቴል አናቱ ላይ ደፍቶ
ሳሎኑን እንደ ሽማግሌ የሚጠብቀው፣
አንድ ጠዋት ቆራሌው መጣና
በጋሪ ጭኖ ወሰደው።

በምትኩ የመጣው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤
አናት የለው፣ ትከሻ የለው፣
ዳንቴል ቢያለብሱት ይንሸራተታል።
እቴ ጦይባ ሦስቴ ሞከረች።
ሦስቴ ወደቀ።
"ይሄማ ዕቃ አይደለም፤ የሰው ቤት መስኮት ነው" ብላ
ዳንቴሉን ብብቷ ሥር ይዛ
ወጣች፣ ተቆጥታ።

ደጁ ሮቢት ነው፤ ደጁ ሐምሌ ነው።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ
ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ይዳብሳል፤
ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ
"ብርዱ!" ይባባላል፤
የመብራት ምሰሶው ብቻ ራቁቱን ቆሟል።
አየችው።
ብረትም ቢሆን፣ አለች፣ ደጃፌ ላይ አይደል?
ወገቡ ላይ አሰረችለት።

እኔን ጠይቁኝ፤ የመብራት ሠራተኛ ነኝ።
መሰላል ተሸክሜ ሃያ ዓመት ዳገት ወጥቻለሁ፤
የለበሰ ምሰሶ አይቼ አላውቅም።
በሳምንቱ ይታይሽ የቧንቧውን አንገት በቀይ ክር ጠመጠመች፤
ሉባባ፣ እጇ የማያርፈው ሉባባ፣
የታክሲ መጠበቂያውን አግዳሚ፣
የድልድዩን ብረት፣
ትራፊኩ የሚቆምባትን በርሜል ሳይቀር።
ክሩ ከኮምቦልቻ ነው፣ የፋብሪካ ትራፊ፣ በኪሎ፤
ግማሹ ከተተረተረ ሹራብ።
አረንጓዴው የሟች ባሏ እንደነበር
የነገረችኝ ኋላ ነው፣ እየሳቀች።

ጋሽ አህመዴ፣ ጫማ ሰፊው፣
"ምሰሶ ለብሶ ሰው ይራቆት?" ብለው አጉረመረሙ።
በማግሥቱ የጃንጥላቸው እጀታ
ቢጫ ለብሶ አደረ።
ከዚያ ወዲህ ዝም ናቸው፤
ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ ይይዛሉ።

መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፦
"በመንግሥት ንብረት ላይ የተደረጉ ማናቸውም አልባሳት
በአምስት ቀን ውስጥ እንዲነሡ።"
አልባሳት! ከነማኅተሙ።
እኔም መቀስ ይዤ ሄድኩ።

ምሰሶ አራት መቶ አሥራ ሰባት፣
የጦይባ የመጀመሪያው።
ቋጠሮውን ፈልጌ ገለጥ ሳደርገው
ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ።
የዚያ ጥቅምት ቀዳዳ።
የሠፈሩ ልጆች ጣታቸውን ከተው የሚለኩበት፣
ትልልቆቹ ሲያልፉ
ጫማቸውን የሚያዩበት።

ከኋላዬ መጣች፤
ኪሮሿ ጆሮዋ ላይ እንደ እስክሪብቶ።
መቀሱን አየች። እኔን አየች።
"ዳንቴል ምን መሰለህ? ቀዳዳ ነው ሁሉ፤
ክር ዙሪያውን ሲይዘው አበባ ነው አሉ።"

ምን ይመለሳል?
"ቁጥሩ ተሸፍኗል" አልኳት፤
"ቁጥሩ ካልታየ አለቃዬ ይቆጣል።"
"ችግሩ እሱ ነው?"
"እሱ ነው።"
ዋሸሁ።

በነጋታው ቁጥሩ ዳንቴሉ ላይ ነበር፣ በሰማያዊ፤
አራት፣ አንድ፣ ሰባት።
ሰባቷ ብቻ ፊቷን አዙራለች።
ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ በፋኖስ፤
"ከውስጥ ሆነህ ካየኸው ልክ ነው" አለችኝ።
እኔም ሪፖርት ጻፍኩ፦
ምሰሶው ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል።

ያን ማታ መብራት ጠፋ።
(የኛ ጥፋት አይደለም፤ መስመሩ ነው።)
ጉሙና ጨለማው አንድ ላይ ሲወርዱ
ሮቢት ከነዳገቷ ተዋጠች፤
የምሰሶው ነጭ ወገብ ብቻ ቀረ፣ ትንሽ፣
ማንም ያላበራው።

"ከጦይባ ምሰሶ ወደ ግራ" ይላል አንዱ ሌላውን፣
እጁን ዘርግቶ ክሩን ይዳስሳል፤
ቀዳዳውን ሳይሆን ክሩን።
ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ
ቤቱ ይገባል።